ግሡን ሳያዩ ሕግ ማውጣት፦ ስለ «ኢንግ» እና ስለ «ኢች አዘር» የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በደሴና በኮምቦልቻ የእንግሊዝኛ መምህራንና የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ዘንድ ከስልክ ወደ ስልክ ሲተላለፍ የሰነበተ አንድ ጽሑፍ ለእኔም ደረሰኝ። ሆጤ አካባቢ በማስተምርበት የማታ ክፍል ሦስት ተማሪዎች በአንድ ቀን ላኩልኝ፤ አንደኛው «ቲቸር፣ ነገሩ እንዲህ ቀላል ከሆነ እስካሁን ለምን አደከሙን?» የሚል ጥያቄ ጨምሮበታል። ጥያቄው ቅን ነው፤ መልስም ይገባዋል። ጽሑፉን ያነበቡ ብዙዎች ስለሆኑ መልሱን ለእርሱ ብቻ ከመንገር ጽፌ ማውጣትን መረጥኩ።

ጸሐፊው የሚሉት በአጭሩ ይህ ነው። እንግሊዝኛ ውስጥ አንድ ግሥ ሌላ ግሥ ሲያስከትል ተከታዩ አንዳንዴ ከፊቱ በምትገባው «ቱ»፣ አንዳንዴ ከኋላው በሚቀጠለው «ኢንግ» ይመጣል። መምህራን ይህን የረጅም ዝርዝር ሸምደዳ አድርገውታል፤ ነገር ግን ዝርዝሩ አያስፈልግም፤ ገና ያልተፈጸመ ድርጊት ሁልጊዜ «ቱ»ን፣ የተፈጸመ ወይም እየተፈጸመ ያለ ድርጊት ደግሞ ሁልጊዜ «ኢንግ»ን ይወስዳልና። ሁለተኛ፣ ከ«ቱ» ቀጥሎ «ኢንግ» ያለበት ግሥ ፈጽሞ አይመጣም። ሦስተኛ፣ ሁለቱም «እርስ በርስ» ማለት ቢሆኑም «ኢች አዘር» ለሁለት፣ «ዋን አናዘር» ከሁለት በላይ ለሆኑ ነው፤ የቀላቀለ ተሳሳተ። አራተኛ፣ የአማርኛው ግሥ የእርስ በርስ ከሆነ፣ ማለትም «ተነጋገሩ»፣ «ተጋቡ»፣ «ተረዳዱ» የሚል ዓይነት ከሆነ፣ እንግሊዝኛው ላይ «ኢች አዘር» መጨመር ነው፤ «ኢች አዘር» የዓረፍተ ነገር ባለቤት መሆን ስለማይችል ግን «ኢንግ» ካለበት ግሥ በፊት ሊቀመጥ አይችልም።

የጸሐፊውን ዓላማ እጋራለሁ። በፊደል ተራ የተደረደረ የግሥ ዝርዝር አንጠልጥሎ «ሸምድዱ» ማለት ተማሪን ያሰለቻል፤ እኔም ለዓመታት እንዲሁ አስተምሬ ውጤቱን አይቻለሁ። የምቃወመው በዝርዝሩ ምትክ የቀረቡትን ሕጎች ነው፤ የአብዛኛዎቹ ጉድለት ደግሞ አንድ ነው፤ ግሡን ሳያዩ የወጡ ሕጎች ናቸው። የእንግሊዝኛውን ምሳሌዎች እንደ ጸሐፊው ሁሉ በእኛው ፊደል እጽፋቸዋለሁ።

ከጊዜው ሕግ ልጀምር። እውነት ያለው ወገን አለው። «ዎንት» (መፈለግ)፣ «ሆፕ» (ተስፋ ማድረግ)፣ «ዲሳይድ» (መወሰን)፣ «ፕሮሚስ» (ቃል መግባት) የሚሉት ግሦች ፊታቸውን ወደፊት ያዞሩ ናቸው፤ ሁሉም «ቱ»ን ይወስዳሉ። «ቱ» ራሱ በጥንቱ እንግሊዝኛ «ወደ» የሚል አቅጣጫ አመልካች መስተዋድድ ስለነበር የጸሐፊው ስሜት ከባዶ የመነጨ አይደለም። ችግሩ «ሁልጊዜ» የምትለው ቃል ላይ ነው። «ሰጀስት» ማለት ሐሳብ ማቅረብ ነው፤ የቀረበው ሐሳብ ደግሞ በተፈጥሮው ገና አልተፈጸመም። ሆኖም አንድ ሰው ቅዳሜ ወደ ኮምቦልቻ እንውረድ ብሎ ሐሳብ ቢያቀርብ የምንለው «ሂ ሰጀስትድ ጎይንግ ቱ ኮምቦልቻ» ነው እንጂ «ሂ ሰጀስትድ ቱ ጎ» አይደለም። «ፖስትፖን» የሚያደርግ ሰው ያልሠራውን ሥራ ነው የሚያዘገየው፤ «አቮይድ» የሚያደርግም ያላደረገውን ነው የሚሸሸው፤ «ኮንሲደር» የሚያደርግም ገና ሊያደርገው ያለውን ነው የሚያሰላስለው፤ ሦስቱም ግን «ኢንግ»ን ይወስዳሉ። በተቃራኒው «ሺ ማኔጅድ ቱ ኦፕን ዘ ዶር» ስንል በሩ ተከፍቶ ያለቀ ነገር ነው፤ ግን «ቱ» አለ። በጸሐፊው ሕግ የሚመራ ተፈታኝ እነዚህን ሁሉ ይስታል፤ የሚስተውም ሕጉን በትክክል ስለተከተለ ነው።

ሕጉ ከሁሉ በላይ የሚያምርባቸውን ግሦች ጸሐፊው አለማንሳታቸው ያስገርመኛል። «ሪመምበር» (ማስታወስ) እና «ፎርጌት» (መርሳት) ላይ የጊዜው ልዩነት ጥርት ብሎ ይታያል። «አይ ሪመምበር ሎኪንግ ዘ ዶር» ያለ ሰው በሩን መቆለፉን ያስታውሳል፤ መቆለፉ ከትዝታው ይቀድማል። «ሪመምበር ቱ ሎክ ዘ ዶር» ያለ ደግሞ «መቆለፍ እንዳትረሳ» ማለቱ ነው፤ መቆለፉ ገና ነው። እዚህ ላይ ከጸሐፊው ጋር ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። ይሁን እንጂ በ«ስቶፕ» ላይ ያለው ልዩነት ከጊዜ ይልቅ የሥራ ድርሻ ነው፤ ይህንንም የገዛ ቋንቋችን ከማንም በተሻለ ያሳየናል። የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ የሚወርድ ሾፌር እናስብ። «ሂ ስቶፕድ ስሞኪንግ» ማለት «ማጨስ አቆመ» ነው፤ መኪናው መንገዱን ቀጥሏል። «ሂ ስቶፕድ ቱ ስሞክ» ማለት ግን «ለማጨስ ቆመ» ነው፤ መኪናው ዳር ይዟል፣ ሲጋራው ተለኩሷል። አማርኛው ሁለት ነገር ለወጠ፤ ግሡን ከ«ቆመ» ወደ «አቆመ» ወሰደው፣ ምክንያት ለሚነግረው ደግሞ «ለ»ን ጨመረበት። እንግሊዝኛው ግሡን ሳይነካ ልዩነቱን በሙሉ ተከታዩ ግሥ ላይ ጫነው። ይህን ያየ ተማሪ «ስቶፕ»ን ሊረሳ አይችልም፤ «የተፈጸመ፣ ያልተፈጸመ» እያለ ሲያሰላ ግን ሾፌሩ መቆሙንና አለመቆሙን እንኳ አያውቅም።

«ትራይ»ም እንዲሁ ነው። «ሂ ትራይድ ቱ ኦፕን ዘ ዊንዶው» ማለት «መስኮቱን ለመክፈት ሞከረ» ነው፤ ምናልባት አልተከፈተለትም። «ሂ ትራይድ ኦፕኒንግ ዘ ዊንዶው» ሲባል ግን መስኮቱ ተከፍቷል፤ የተሞከረው መክፈቱ መፍትሔ ይሆን እንደሆነ ነው፤ ቤቱ ታፍኖ ነበር እንበል። አማርኛ ለዚህ «መስኮቱን ከፍቶ አየው» የሚል ውብ አነጋገር አለው፤ «ቀምሶ አየው»፣ «ለክቶ አየው» እንደምንለው። ተማሪዎቼ «ትራይ» ከ«ኢንግ» ጋር ሲመጣ ቦዝ አንቀጹን ከ«አየ» ጋር እንዲያስቡ ካደረግኋቸው ወዲህ ሲሳሳቱ የማየው እምብዛም ነው።

ልዩነት የማይገኝባቸውም አሉ። ሐምሌ ላይ የጦሳ ተራራ በደመና ሲሸፈን «ኢት ስታርትድ ሬይኒንግ» ብንል «ኢት ስታርትድ ቱ ሬይን» ብንል የሚዘንበው ያው ዝናብ ነው። «ላይክ»፣ «ላቭ»፣ «ኮንቲኒው» ብዙውን ጊዜ ሁለቱንም ይቀበላሉ። የጊዜው ሕግ እውነት ቢሆን ኖሮ እዚህም ልዩነት መኖር ነበረበት።

ከ«ቱ» ቀጥሎ «ኢንግ» ፈጽሞ አይመጣም የሚለውን ለመመለስ ብዙ መድከም አያስፈልግም። ማመልከቻ የጻፈ ሁሉ የሚዘጋበት «አይ ሉክ ፎርዋርድ ቱ ሂሪንግ ፍሮም ዩ» («መልስዎን በጉጉት እጠብቃለሁ») የሚለው ዓረፍተ ነገር ብቻውን ይበቃል። ግን ምክንያቱ ማወቅ የሚገባው ነው። የዛሬው «ኢንግ» የሁለት ወንዞች መገናኛ ነው፤ በጥንቱ እንግሊዝኛ ከግሥ ስም የሚያወጣ «ኡንግ» የሚል ቅጥያ ነበረ፤ እየተደረገ ላለ ድርጊት ደግሞ «ኤንዴ» የሚል ሌላ ቅጥያ ነበረ፤ በመካከለኛው ዘመን ሁለቱ ተቀላቅለው አንድ መልክ ያዙ። ስለዚህ «ኢንግ» ግማሽ ጎኑ ስም ነው፤ ስም በሚቀመጥበት ሁሉ ይቀመጣል፤ ከመስተዋድድ በኋላም ጭምር። «ሉክ ፎርዋርድ ቱ» ላይ ያለው «ቱ» መስተዋድድ ነው። ማረጋገጫው ቀላል ነው፤ በግሡ ቦታ ስም ተካ። «አይ ሉክ ፎርዋርድ ቱ ዘ ሆሊዴይ» ያስኬዳል፤ ስለዚህ «ቱ ሂሪንግ» ትክክል ነው። «አይ ዎንት ቱ ዘ ሆሊዴይ» አያስኬድም፤ ስለዚህ እዚያ ግሡ ባዶውን ይመጣል። ደሴ ዳገት ላይ ያደገ ሰው ሁለቱም ያስፈልጉታል፦ «አይ ዩዝድ ቱ ዎክ አፕ ዘ ሂል» ማለት «ድሮ ዳገቱን በእግሬ እወጣ ነበር» ሲሆን «አይ አም ዩዝድ ቱ ዎኪንግ አፕ ዘ ሂል» ደግሞ «ዳገቱን በእግር መውጣት ለምጃለሁ» ነው። በጸሐፊው ሕግ ሁለተኛው ስሕተት ይሆናል፤ ዳገት የለመደ ሰው ግን ይህንኑ የሚልበት ሌላ ቀላል መንገድ የለውም።

«ኢች አዘር» ለሁለት፣ «ዋን አናዘር» ለብዙ የሚለው ሕግ የጸሐፊው ፈጠራ አይደለም፤ ብዙ መምህራን ያስተማሩን ነው። አንዳንድ የአሜሪካ ጋዜጦች የአጻጻፍ መመሪያም ዛሬ ድረስ ይጠብቀዋል፤ ስለዚህ ልዩነቱን መጠበቅ ለሚወድ ሰው ክፋት የለውም። የጠበቀ አይሳሳትም። ያልጠበቀ ተሳሳተ ማለት ግን ሌላ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1611 የታተመው የንጉሥ ጄምስ መጽሐፍ ቅዱስ በ1ኛ ሳሙኤል 20፥41 ዳዊትና ዮናታን ተሳስመው ሲላቀሱ የሚጠቀመው ቃል «ዋን አናዘር» ነው፤ ሰዎቹ ግን ሁለት ብቻ ናቸው። በእንግሊዝኛ አጠቃቀም ላይ ጥብቅ በመሆኑ የሚታወቀው ሄንሪ ፋውለርም እ.ኤ.አ. በ1926 ባሳተመው መዝገበ ቃላቱ ይህ ልዩነት ዛሬ የሚሰጠው ጥቅምም፣ በታሪክ ያለው መሠረትም እንደሌለ ጽፏል። «ኢች አዘርስ» («የእርስ በርሳቸው») ላይ ባለንብረትነትን የምታሳየው ጭረት (አፖስትሮፍ) ከመጨረሻው «ኤስ» በፊት መቀመጥ አለበት የሚለው የጸሐፊው ማሳሰቢያ ግን ትክክል ነው፤ ብዙ ጥሩ ተማሪዎች የሚስቱትም ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፤ እርሱም አራተኛው ነጥብ ነው፤ የአማርኛ ተናጋሪው መንገድና የእንግሊዝኛው መንገድ በእርግጥ የሚለያዩት እዚህ ነውና። አማርኛ የእርስ በርስን ነገር ግሡ ውስጥ ይሠራዋል፦ ሳመ፣ ተሳሳሙ፤ አቀፈ፣ ተቃቀፉ፤ ረዳ፣ ተረዳዱ፤ ወቀሰ፣ ተወቃቀሱ። «እርስ በርሳቸው» የምንጨምረው ለማጠንከር ነው። እንግሊዝኛ እንዲህ ያለ ወጥ መሣሪያ ስለሌለው እያንዳንዱ ግሥ የየራሱን ጠባይ ይዟል። «ሚት» (መገናኘት)፣ «ኪስ» (መሳም)፣ «ኳረል» (መጣላት)፣ «አግሪ» (መስማማት) ያለ ምንም ጭማሪ የእርስ በርስ ይሆናሉ፤ «ዜይ ሜት ኢን ደሴ» ካልን «ደሴ ተገናኙ» ብለናል። «ሄልፕ» ግን ብቻውን አይበቃውም፤ «ዜይ ሄልፕድ» ያለ ሰው «ረዱ» አለ እንጂ «ተረዳዱ» አላለም። ሦስተኛው ወገን መስተዋድድ ይጠይቃል፤ «ቶክ ቱ ኢች አዘር»፣ «ሉክ አት ኢች አዘር»፣ «ሊስን ቱ ኢች አዘር»። ተማሪዎቻችን «ዜይ ቶክድ ኢች አዘር» ብለው የሚጽፉት፣ እኔ እንደሚመስለኝ፣ «እርስ በርስ» ውስጥ «በ» አስቀድሞ ስላለ መስተዋድዱ የገባ ስለሚመስላቸው ነው። «ዲስከስ» ደግሞ «ዊዝ ኢች አዘር» ቢጨመርለትም የተወያዩበትን ነገር ይፈልጋል፤ አማርኛው «ተወያዩ» ብሎ ዝም ማለት ይችላል።

ማግባት የሚል ትርጉም ባለው «መሪ» በሚለው የእንግሊዝኛ ግሥ ላይ የጸሐፊው ሕግ ይፈርሳል። «ዘ ቱ ብራዘርስ ጎት መሪድ» የሚለውን ማንም የወሎ ሰው «ሁለቱ ወንድማማቾች አገቡ» ብሎ ይተረጉመዋል፤ «ተጋቡ» ሊል አይችልም። «ሂ ኤንድ ሺ ጎት መሪድ» ግን አብዛኛውን ጊዜ «ተጋቡ» ነው። አንዱ የእንግሊዝኛ ግሥ ሁለቱን የአማርኛ ግሦች ተሸክሟል፤ የሚለየው ዓረፍተ ነገሩ ነው። ከአማርኛው ተነሥቶ «ኢች አዘር» መለጠፍ እዚህ ላይ ሁልጊዜ ስሕተት ባይሆንም አስፈላጊ አይደለም።

«ኢንግ» እና «ኢች አዘር» ሲገናኙ ነገሩ ይበልጥ ይጠልቃል። «ዜይ ኢንጆይ ሄልፒንግ ኢች አዘር» (መረዳዳት ያስደስታቸዋል)፣ «ዜይ ኬፕት ብሌሚንግ ኢች አዘር» (መወቃቀሳቸውን ቀጠሉ)፣ «ዜይ አቮይድድ ሉኪንግ አት ኢች አዘር» (ከመተያየት ተቆጠቡ) ሁሉም ጥሩ ዓረፍተ ነገሮች ናቸው። «ኢች አዘር» የሚጠጋው ብዙ ቁጥር የሆነ አድራጊ ይፈልጋል፤ «ኢንግ» ያለው ግሥ ግን አድራጊውን አይናገርም፤ ደብቆ ይዞታል። የተደበቀው አድራጊ ማን እንደሆነ የሚወስነው የመጀመሪያው ግሥ ነው። ሁለት ዓረፍተ ነገር ላስተያይ። «ዘ ቲቸር ሰጀስትድ ሄልፒንግ ኢች አዘር» ትክክል ነው፤ መምህሩ አንድ ሰው ቢሆንም «ሰጀስት» የሚረዳዱትን ሌሎች ሰዎች ለማሰብ ቦታ ይተዋል፤ «መምህሩ መረዳዳት ይበጃል አሉ» እንደማለት ነው። «ዘ ቲቸር ኢንጆይድ ሄልፒንግ ኢች አዘር» ግን አይሆንም፤ «ኢንጆይ» የሚደሰተውና የሚረዳው አንድ ሰው እንዲሆን ያስገድዳል፤ አንድ ሰው ደግሞ ከራሱ ጋር አይረዳዳም። በ«ቱ» ወገንም ያው ነው፤ «ዘ ቲቸር አስክድ ዘ ስቱደንትስ ቱ ሄልፕ ኢች አዘር» ያስኬዳል፤ ተረዳጆቹ ተማሪዎቹ ናቸው። «አስክድ»ን በ«ፕሮሚስድ» ብንተካው ግን ረጂው መምህሩ ይሆንና ይፈርሳል። ቃላቱ አንድ፣ ተራቸው አንድ፤ የተለወጠው የመጀመሪያው ግሥ ብቻ ነው። ይህን የትኛውም የ«ተፈጸመ፣ አልተፈጸመ» ሕግ አይነግረንም።

«ኢች አዘር» ከ«ኢንግ» በፊት አይቀመጥም ለሚለውም መልሱ ከዚሁ ይወጣል። ጸሐፊው «ኢች አዘር» ባለቤት አይሆንም ማለታቸው በመሠረቱ ልክ ነው፤ «አንዱ ሌላው እንደደከመው ያውቃል» ለማለት «ዜይ ኖው ኢች አዘር ኢዝ ታይርድ» ብሎ በተጠነቀቀ እንግሊዝኛ አይጻፍም። ነገር ግን «ኢንግ» ካለው ግሥ በፊት የሚቀመጠው አድራጊ የባለቤትን መልክ አይዝም፤ ተሳቢ ወይም ባለንብረት መስሎ ነው የሚቀመጠው። «አይ ኸርድ ሂም ሲንጊንግ» እንላለን፤ «ሂ ሲንጊንግ» አንልም። ስለዚህ የባለቤት ወንበር የተከለከለው «ኢች አዘር» እዚህ ወንበር ላይ ያለ ችግር ይቀመጣል፦ «ዜይ ኸርድ ኢች አዘር ብሪዚንግ»፣ አንዱ የሌላውን ትንፋሽ ሰማ፤ «ዜይ ዲስላይክ ኢች አዘርስ ሲንጊንግ»፣ አንዱ የሌላውን ዘፈን አይወድም። ጸሐፊው የጠቀሱት ምክንያት ትክክል ሆኖ ሳለ መደምደሚያቸው የተሳሳተው «ኢንግ» ያለውን ግሥ እንደ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ስለቆጠሩት ነው።

ስሕተቱ ከየት እንደሚመጣ ያስተማረችኝ ከኮምቦልቻ በሚኒባስ እየተመላለሰች የምትማር አንዲት ተማሪዬ ናት። «ማይ ሲስተር ኢንጆይስ ሄልፒንግ ኢች አዘር» ብላ ጻፈች። ምን ማለትሽ ነው ስላት «እህቴ ከእኔ ጋር መረዳዳት ትወዳለች» አለችኝ። አማርኛዋ እንከን የለውም። የእኛ የእርስ በርስ ግሥ ነጠላ ባለቤት ይችላል፤ ሌላውን ሰው «ከ» እና «ጋር» ይዘውለት ይመጣሉ፤ «ከጎረቤቷ ጋር ተጋጨች»፣ «ከወንድሙ ጋር ተነጋገረ» እንላለን። «ኢች አዘር» ይህን መብት የለውም፤ ሁለቱንም ሰዎች በአድራጊው ቦታ ማየት ይፈልጋል። ከአማርኛው ተነሥታችሁ «ኢች አዘር» ጨምሩ የሚለው ምክር እንዲህ ያለውን ዓረፍተ ነገር ነው የሚያበዛው።

ከዚያ ወዲህ ተማሪዎቼ አዲስ ግሥ ሲያገኙ ደብተራቸው ላይ ሦስት ነገር አብረው ይጽፋሉ፦ ምን እንደሚያስከትል፣ የተከታዩ ድርጊት አድራጊ ማን እንደሆነ፣ «ኢች አዘር» ሲመጣ በየትኛው መስተዋድድ እንደሚመጣ። በሳምንት ከአሥር ግሥ አያልፉም። ያቺ ተማሪ ያኔ የጻፈችውን አልሰረዘችውም፤ ከሥሩ «ማይ ሲስተር ኤንድ አይ ኢንጆይ ሄልፒንግ ኢች አዘር» ብላ አስተካክላ ጻፈች፤ ከጎኑም በአማርኛ «ሁለታችንም እዚህ መኖር አለብን» የሚል ማስታወሻ አኖረች።